ራሳችን ለምናሰራው ቤት ዋሱ ማነው? (ቂርቆስ፣ ጂ+2፣ በእጅ ዋጋ)

የሪቼ ልጅ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ነው።

ሪቼ አካባቢ የእናቴ ግቢ አለ። 150 ካሬ ገደማ ነው፤ ካርታው በእሷ ስም ነው። ውስጡ ያለው የጭቃ ቤት ባለፈው ክረምት የጓዳው ግድግዳ ሆዱን ገፋ። በአጠና ደግፈን ክረምቱን አለፍን። አሁን ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን ጂ+2 ልናሰራ ተነስተናል። ታች እናቴ፣ መሀል እኔና ልጆቼ፣ ላይ ኪራይ። ፕላኑ አልቋል። የግንባታ ፈቃዱ ሂደት ላይ ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ካልጋሪ ያለችው እህቴ እሁድ ደውላ «ዋስትናውን ማን ነው የሚሰጣችሁ?» አለችኝ። የምን ዋስትና አልኳት። እዛ ሰው የራሱን ቤት ራሱ ሲሰራ እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው አለችኝ። ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ዕቃውን የምንገዛው እኛ ነን። ስራውን በእጅ ዋጋ የሚይዘው ሰውዬ ያመጣልኝ ውል ሁለት ገጽ ነው። ስለ ዋስትና ያለችው አንድ መስመር ናት፦ «ሰሪው ለሰራው ስራ የስድስት ወር ዋስትና ይሰጣል»።

ስድስት ወር! ፍሪጅ ስገዛ እንኳ አንድ ዓመት ተሰጥቶኛል። ይሄ ነገር ትክክል ነው? ህጉስ ምን ይላል?

ቀበናው | ሰኞ ማታ

እህቴ ውሉ ላይ «ሰሪው ስልክ ቁጥሩን እንዳይቀይር» የሚል አስጨምሪ። ሌላው ትርፍ ነው።

ጠበቃ በእረፍት ላይ | ሰኞ ማታ

ተኝቼ ነበር፤ ይሄን አይቼ ተነሳሁ።

ያቺ የስድስት ወር መስመር በህግ ፊት ዋጋ የላትም። የፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀጽ 3039 ቤትና መሰል የማይንቀሳቀስ ነገር የሰራ ተቋራጭ፣ ስራው በደንብ ለመሰራቱና ለጥንካሬው፣ ካስረከበበት ቀን አንስቶ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ደግሞ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሰውዬው ስድስት ወር ብሎ ቢጽፍ፣ አንቺም እያወቅሽ ብትፈርሚ፣ 10 ዓመቱ 10 ዓመት ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፋት አንዲት ነገር ደግሞ አለች። በዚያው አንቀጽ ተቋራጩ የሚጠየቀው በአሰራር ጉድለት ብቻ አይደለም። በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ቤቱ ቢበላሽም ተጠያቂ ነው። «አፈሩ ነው ጉድ የሰራን» የምትለዋ የለመድናት ማምለጫ እዚህ አታስመልጥም። አፈሩን አይቶ ነው መስራት ያለበት።

ህጉ አዲስ መስሎሽ እንዳትገረሚ። የ1952ቱ ነው። ያረቀቀው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበር፤ 10 ዓመቷም የፈረንሳይ ደም አለባት። ልዩነቱ ፈረንሳዮቹ በኋላ፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1978፣ ለ10 ዓመቱ ኢንሹራንስ መግባትን ግዴታ አደረጉ። ተቋራጩ ቢከስርም ቢሞትም ከፋይ አለ። እኛ ጋ ህጉ ብቻውን ቀረ።

የሪቼ ልጅ | ሰኞ ማታ

ጠበቃ፣ ተባረክ። ግን አንድ ጥያቄ። ይሄ ሰውዬ ድርጅት የለውም። ፎርማን ነው። ግንበኛውን፣ ፌሮ ሰራተኛውን፣ አናጺውን ሰብስቦ ይመጣል። ይሄም «ተቋራጭ» ይባላል?

ጠበቃ በእረፍት ላይ | ሰኞ ማታ

ቤቱን ወይም የቤቱን አንድ ክፍል ሰርቶ ሊያስረክብሽ በዋጋ ከተዋዋለ፣ ተቋራጭ ነው ብዬ ነው የምከራከረው። ድርጅት መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ። በቀን ሂሳብ እየከፈልሽ አንቺ የምታዢው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ሰራተኛሽ ነው፤ ተቋራጩ አንቺ ነሽ። የራስሽን ቤት ለራስሽ ዋስ ሆነሽ ቁጭ።

ስለዚህ ውሉ ላይ «በቀን ይህን ያህል» የሚል ሂሳብ እንዳይኖር። «ከመሰረት እስከ ጣሪያ ይህን ይህን ሰርቶ ያስረክባል» የሚል ይሁን።

ሳይት የዋለ | ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ራሴ ፎርማን ነኝ። 19 ዓመት ሰርቻለሁ። ጠበቃው ያለው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከእኛም ወገን ስሙ።

ዕቃውን ማን ገዛ? ባለቤቱ። ሲሚንቶው ስንት ቀን ዝናብ ላይ አደረ? እኔ አላውቅም፣ ሳልመጣ የገባ ነው። አሸዋውን «የመተሐራ ነው» ብለው የሸጡለት ግማሹ አፈር ነው። እኔ ለእጄ ብቻ ነው የተከፈለኝ። እና 10 ዓመት ሙሉ ለሰው አሸዋ ዋስ ልሁን?

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሶሌታ፣ የፎቁን የኮንክሪት ወለል ማለቴ ነው፣ እየሞላን ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረናል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ከረረ፣ ውህዱ ቶሎ ቶሎ ይያዝ ጀመር። ሚክሰሩ ላይ ያለውን ልጅ ውሃ እንዳይጨምር እየጮኽኩበት ነው። ባለቤቱ ጥላ ይዞ ከጎኔ ቆሟል። «ምነው ወፈረ? ቀጠን አድርጉት እንጂ፣ ልጆቹ ደከሙ» አለ። በደግነት ነው። ልጁም የጌታው ቃል ነው ብሎ አንድ ባልዲ ገለበጠ። እንደ ሾርባ ወረደ። እኔ አስቆምኩት፤ ያ ዙር ግን ገብቷል። አሁን እዛ ቦታ ላይ ስንጥቅ ብትወጣ ማን ይጠየቃል?

ስንት ባልዲ እንደሆነ የሚመዘግብ የለም። ጥፋቱ ሁልጊዜ የፎርማኑ ነው።

ጠበቃ በእረፍት ላይ | ማክሰኞ ጠዋት

ሳይት የዋለ፣ ይሄ ክርክርህ ፍርድ ቤት ውስጥም የሚነሳ ነው። ዕቃው መጥፎ መሆኑን አይተህ ዝም ካልክ ግን ይከብድሃል። አንተ ባለሙያው ነህ፤ ባለቤቷ አይደለችም። አሸዋው አፈር ነው ብለህ በጽሑፍ ንገራት። ቴሌግራምም ጽሑፍ ነው።

ሳይት የዋለ | ማክሰኞ ጠዋት

ነግሬ የተባረርኩበት ሳይት አለ ወንድሜ። «አንተ ዕቃ ማስመለስ ትወዳለህ» ተብዬ።

ልደታ 4 | ማክሰኞ ቀን

የእኔን ልንገርሽ፣ እንደኔ እንዳትሆኚ።

ልደታ፣ ጂ+1 ከቴራስ ጋር። ሰሪው በጣም ትሁት ሰው ነበር። ውል ነበረን፣ አንድ ገጽ። በገና ዋዜማ ገባን። ሰኔ ላይ የቴራሱ ውሃ በሳሎኑ ጥግ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ትንሽ ቢጫ ክብ ነበረች፣ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የምታህል። ነሐሴ ላይ ኮርኒሱ ወረደ። ስደውል መጣ፣ አየ፣ «ሜምብሬኑ ነው፣ እጠግነዋለሁ» አለ፤ ውሃ የሚከለክለውን ንጣፍ ማለቱ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስደውል «ክፍለ ሀገር ነኝ» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

ከሰስኩ። ፍርድ ቤት የተጠየቅኩት የመጀመሪያው ነገር ምን ይመስላችኋል? «ቤቱን መቼ ተረከብሽ?» የርክክብ ወረቀት የለኝም። «ለገና ዶሮ የሰራሁ ቀን» ልል ነበር። ለሰሪው የላኩት የባንክ ዝውውር ደረሰኝና ቴሌግራም ላይ «እንኳን አደረሰሽ፣ ቁልፉን ለልጅሽ ሰጥቻታለሁ» ያለኝ መልዕክት ነው ያወጣኝ። እሷን መልዕክት አጥፍቻት ቢሆን ኖሮ አስቡት።

ፈረዱልኝ። ገንዘቡን ግን እስካሁን አላገኘሁም። ሰውዬው በስሙ ምንም የለውም።

ቀበናው | ማክሰኞ ቀን

ከላይ ስለ ስልክ ቁጥሩ የተናገርኩትን ቀልድ ነው ብላችሁ ሳቃችሁ አይደል?

ካልጋሪ ሰሜን | ማክሰኞ ሌሊት (እዚህ ቀን ነው)

የጥያቄዋ ባለቤት እህት አይደለሁም፤ ግን እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው። እኔም ራሴ አሰርቻለሁ፤ የእዚህን ነገር ላስረዳ።

አልበርታ ውስጥ ህጉ የመጣው በፈረንጆቹ በየካቲት 2014 ነው። አዲስ ቤት በሙሉ ዋስትና ሊኖረው ይገባል። ለጉልበትና ለዕቃ 1 ዓመት፣ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክና ለማሞቂያ መስመር 2 ዓመት፣ ለቤቱ ውጫዊ ሽፋን ማለትም ውሃና ብርድ ለሚከለክለው ክፍል 5 ዓመት፣ ለዋናው አጥንት ለመሰረቱና ለተሸካሚው 10 ዓመት። ዋስትናውን የሚሰጠው ግንበኛው ራሱ አይደለም። ሌላ የዋስትና ድርጅት ነው፤ ግንበኛው ይከፍልበታል። ግንበኛው ቢጠፋ ድርጅቱ አለ።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ። ራሱ የሚሰራ ሰው ከዋስትናው ነጻ ለመሆን ፈቃድ ይጠይቃል። ይሰጠዋል። ግን ቤቱን በ10 ዓመት ውስጥ ልሽጥ ካለ ለገዢው ዋስትናውን ማሟላት አለበት። የግንባታ ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ ወይ የዋስትናውን ማስረጃ ወይ የነጻነቱን ወረቀት አምጣ ትባላለህ። እህትሽ «መጀመሪያ የሚጠየቀው» ያለችሽ ለዚህ ነው።

ከእኛ በስተምዕራብ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቀደም ብለው ነው የጀመሩት። ቫንኩቨር ውስጥ በ80ዎቹና በ90ዎቹ የተሰሩ ብዙ አፓርታማዎች ውሃ አስገብተው ውስጥ ለውስጥ በሰበሱ። ስንቱ ቤቱን አጣ። ከዚያ በኋላ ነው በ1998 ህግ ያወጡት። ያለ ምክንያት የመጣ ወረቀት አይደለም ለማለት ነው።

ልደታ 4፣ የአንቺ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የምታህለው ክብ ታሪኩ እንደ ቫንኩቨሩ ነው። ውሃ።

የሪቼ ልጅ | ረቡዕ ጠዋት

አሁን ነገሩ ገባኝ። እዛ ዋሱ ድርጅት ነው፣ እዚህ ዋሱ ሰውዬው ነው። ሰውዬው ደግሞ ባዶ ኪስ ሊሆን ይችላል። እሺ እኛ ጋ ይሄን 10 ዓመት የሚሸፍን ኢንሹራንስ የሚሸጥ የለም?

ፖሊሲ ሻጭ | ረቡዕ ቀን

ኢንሹራንስ ነው የምሰራው፤ ማስታወቂያ አይደለም፣ የድርጅቴንም ስም አልጠራም።

ለግንባታ የምንሸጠው «ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ» የሚባለውን ነው። ግንባታው ላይ እያለ እሳት፣ ጎርፍ፣ መደርመስ፣ ስርቆት፣ ጎረቤት ላይ የሚደርስ ጉዳትም ከተጨመረበት ይሸፍናል። ስራው ሲያልቅ ያልቃል ማለት ይቻላል። ከ7 ዓመት በኋላ ኮለኑ (ምሰሶው) ቢሰነጠቅ ይህ ፖሊሲ አያውቅሽም። ባንክ የሚሰጠው የአፈጻጸም ዋስትናም አለ፤ እሱንም በእጅ ዋጋ የሚሰራ ፎርማን አያመጣልሽም፣ ባንኩ ማስያዣ ይለዋል።

ግን ማህል ከተማ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከጎረቤት ጋር እየቆፈርሽ ከሆነ የመጀመሪያውን አስቢበት።

ጋሽ ተረት | ረቡዕ ቀን

ልጄ፣ ይሄኛው የመጨረሻው ሰውዬ የተናገረውን አትለፊው። እኔ 68 ዓመቴ ነው፤ በቅሎ ቤት ነው ያደግኩት።

ጎረቤቴ ለመሰረት ቆፈረ። ከእኔ አጥር ግማሽ ክንድ ነው የራቀው። አጥሬ ጥንት በድንጋይና በጭቃ የተሰራ ነው። ጉድጓዱን ቆፍረው ሁለት ሳምንት ከፍተው ተዉት፣ ፌሮ አልመጣም ብለው። ዝናብ ጣለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥሩ ከነኮባው ገባበት። ኮባዋ እንኳ ተርፋ አሁንም አለች።

ተከራከርን። እሱ «ፎርማኑን ክሰስ» አለኝ። ፎርማኑ «ባለቤቱን ክሰስ» አለኝ። እኔ የማውቀው ቆፋሪው ጎረቤቴ መሆኑን ነው። በሽማግሌ ጨረስነው፤ አጥሩን ብሎኬት አድርጎ ሰራልኝ። ሽማግሌ ባይኖር ግን?

ጠበቃ በእረፍት ላይ | ረቡዕ ቀን

ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። እንዲያውም አንቀጽ 2077 የህንጻ ባለቤት ህንጻው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ የሪቼ ልጅ፣ አንቺ ከፎርማኑ ዋስትና ስትፈልጊ ጎረቤቶችሽ ደግሞ ከአንቺ ይፈልጋሉ። ከመቆፈርሽ በፊት የጎረቤትን ግድግዳ ፎቶ አንሺ፣ ከእነ ስንጥቁ። ካለበለዚያ የድሮው ስንጥቅ ሁሉ የአንቺ ይሆናል።

ሲ 25 | ረቡዕ ማታ

ሲቪል መሀንዲስ ነኝ። ህግም ኢንሹራንስም ጥሩ ነው፤ ግን ቤቱ እንዳይሰነጠቅ ማድረግ ይቀድማል። ቢሰነጠቅ እንኳ ምክንያቱን ማሳየት የሚቻለው ያኔ የተያዘ ነገር ካለ ነው። ኮንክሪት አንዴ ከደረቀ ውስጡ ያለውን ፌሮ ማን ያያል?

በመንግስት ስራዎች ላይ የምናደርገውን ወደ ግቢሽ አምጪው። እዛ ርክክብ ሁለት ነው። ስራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ የመጨረሻ ርክክብ። በመሀል ያለው ዓመት ጉድለት የሚስተካከልበት ነው፤ ከየክፍያው ተቀንሶ የተያዘ ገንዘብ አለ፣ ሪቴንሽን የምንለው። ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ነው። ተቋራጩ ተመልሶ የሚመጣው ለዚያች ገንዘብ ነው እንጂ ለአንቀጽ አይደለም። ጠበቃ ይቅር በለኝ። አንድ ክረምት ያለፈበት ቤት ብዙውን ገመናውን ያወጣል። የልደታ 4 ቴራስ ሰኔ ላይ ነው የተናገረው።

ለፎርማን 5 በመቶ ለዓመት ያዢበት ስትይው ይጮኻል። እውነት አለው፣ የሚኖርበት ገንዘብ ነው። ግማሹን ርክክብ ላይ፣ ግማሹን መስከረም ላይ ስጪው።

ሶሌታና ኮለን ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን ከእነ ሜትሩ ፎቶ አንሺ። ሜትሩ ይታይ። በሞላሽበት ቀን ኪዩብ፣ ማለትም ከሚሞላው ኮንክሪት ለሙከራ የሚያዝ ናሙና፣ አስወስጂ። 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሻጋታ ነው። ሦስቱ በ7 ቀን፣ ሦስቱ በ28 ቀን ላብራቶሪ ይሰበራሉ። ወረቀቱ ላይ ቀንና ቁጥር ይወጣል። ፎርማኑም ይሄን ይውደደው፤ ንጹህነቱ የሚመሰክርለት እሱ ነው። ሳይት የዋለ የነገረን የባልዲ ክርክር በኪዩብ ይፈታል።

ሲሚንቶም አይምታታብሽ። ፒፒሲ (ሌላ ማዕድን የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ለልስንና ለግንብ ደህና ነው። ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ (ያልተቀላቀለው) ከሆነ ጥንካሬውን ቶሎ ይይዛል። ፒፒሲ የግድ ከሆነ ውሃ የምታጠጪበትን ቀን አርዝሚ፣ ካሳፎርማውንም (ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዘውን ጣውላ) ለመንቀል አትቸኩሉ።

በዚህ ላይ በ2017 ታህሳስና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉትን ሰዎች በሌሊት ልብስ አስወርዷል። ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን ነው። ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ቦታ ስታፋውን (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀጭን ብረት) አራርቀው እንዳያስሩ፣ አንቺ ራስሽ ቁጠሪው። ዲዛይኑ ላይ ስንት ሴንቲ እንደሚራራቅ ተጽፏል።

ሳይት የዋለ | ረቡዕ ማታ

ሲ 25 የተናገረው ገብቶኛል። ኪዩብ ይወሰድ፣ አልቃወምም። ግን ኪዩቡ ሲወሰድ እኔ ልኑር፣ ከባለቤቷ ጋር ተፈራርመን። ላብራቶሪ የሚሄደው ልጅ መንገድ ላይ ቁልቁል ይዞት ቢሮጥስ?

እና አሸዋውን በሃይላንድ ሞክሩት። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ውሃ፣ ጭብጥ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ፣ ማስቀመጥ። ሦስት ሰዓት ሲሞላው አፈሩ ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል። ከጠቅላላው አሸዋ ከ6 በመቶ ካለፈ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። መኪናው ሳያራግፍ ነው ይህ የሚደረገው፤ ከተራገፈ በኋላ ሹፌሩን አታገኙትም።

የሪቼ ልጅ | ረቡዕ ማታ

ወይ ጉድ፤ ለሃይላንድ ሙከራው ብቻ ወንድሜን ሳይት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስራ ፈቶ ነው ያለው።

ወሎ ሰፈር | ሐሙስ ጠዋት

አንድ ነገር ልጨምር። ጂ+2 ነው ካልሽ የግንባታ ደረጃው ምን እንደሚባል ወረቀትሽ ላይ እዪ። በ2001 በወጣው የህንጻ አዋጅ፣ ቁጥር 624 ነው፣ ህንጻዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ተከፍለው ነበር። ከምድር ወለሉ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሐ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሐ ሲሆን ክትትሉም ባለሙያውም ይበዛል። ጂ+2 ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ግን «ቴራሱ ላይ አንድ ክፍል ለውሃ ታንከር» ብላችሁ ቀስ በቀስ ከፍ ስታደርጉት ተጠንቀቁ። የእኔ ወንድም እንዲህ ብሎ ነው ስራው የታገደበት።

ቀበናው | ሐሙስ ጠዋት

የውሃ ታንከር ክፍል የተባለችው አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ያላት ክፍል ናት።

ወሎ ሰፈር | ሐሙስ ጠዋት

መጋረጃም ነበራት።

ጠበቃ በእረፍት ላይ | ሐሙስ ቀን

ሲ 25 «ለአንቀጽ አይመጣም» ያልከውን አልረሳሁትም። እውነት ነው፣ 5 በመቶዋ ታመጣዋለች። ግን ከዓመት በኋላ 5 በመቶዋ አልቃለች። በአምስተኛው ዓመት መሰረቱ ሲሰምጥ ያለሽ አንቀጹና ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የርክክቡን ወረቀት እንደ ካርታው አስቀምጪው። ቀን፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። በዓይን የሚታይ ጉድለት ካለ ዝርዝሩን ጻፊበት፤ በሩ አይዘጋም፣ ሴራሚኩ ባዶ ያሰማል፣ አሸንዳው ዘንበል ብሏል፣ ሁሉንም። ምንም ሳትይ ከተረከብሽ በኋላ «ያኔ አይተሽው ነበር» ይባላል።

ከሰውዬው የነዋሪነት መታወቂያ ኮፒ ያዢ። አድራሻውን ሂጂና እዪው። የልደታ 4ን ሰው ያላገኙት እኮ ማንነቱን በስልክ ቁጥር ብቻ ስለሚያውቁት ነው።

ልደታ 4 | ሐሙስ ቀን

አዎ። ቤቱን እንኳ አላውቅም ነበር። እሱ የእኔን ቤት እስከ ፌሮው ያውቃል።

የሪቼ ልጅ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ

ሁላችሁም እንደምን ሰነበታችሁ። ተፈራረምን።

ሰውዬውን ቤት ጋብዤ ነው ያወራሁት። እናቴ ቡና አፈላች። ያቺን የስድስት ወር መስመር ሳሳየው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው እህቴ» አለኝ። ስለ 10 ዓመቱ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ስኒውን አስቀምጦ «እንግዲያ እኔ ይሄን ስራ አልይዝም» ብሎ ሊነሳ ነበር። እናቴ ነች ያስቀመጠችው፤ «ሁለተኛው ሳይደርስ የት ትሄዳለህ» አለችው።

ከዚያ የሳይት የዋለን ክርክር የራሴ አስመስዬ አነሳሁለት። ዕቃው የእኛ ነው፣ ገብቶኛል አልኩት። እንግዲህ ዕቃ ሲገባ አንተ እያየህ ይግባ፤ የማትፈልገውን አሸዋ ሳይራገፍ መልስ፤ መልስ ብለህ እኛ እንቢ ካልን ደብተር ላይ ጻፈውና እኔ ልፈርምልህ። ይሄን ሲሰማ ነው ለስለስ ያለው። እስካሁን ማንም ባለቤት እፈርማለሁ ብሎት አያውቅም።

የዋስትናውን መስመር አወጣነው። አዲስ ቁጥር አልጻፍንም፤ ህጉ እንደሚለው ብቻ ነው የተጻፈው። 5 በመቶው ተይዟል፤ ግማሹ ርክክብ ላይ፣ ግማሹ መስቀል ካለፈ በኋላ። መጀመሪያ 10 ብዬ ነበር፣ 3 አለኝ፣ እንዲህ ተገናኘን። መታወቂያውን ሰጠኝ። ቤቱ ሽሮ ሜዳ ነው፣ ወንድሜ ሄዶ አይቶታል፤ ምሳም በልቶ ነው የመጣው።

ጎረቤቶቹን በሙሉ ዞሬ ግድግዳቸውን ፎቶ አንስቻለሁ። አንዲት እማማ «ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው እንዴ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ከስንጥቁ አጠገብ ቆሙ። እንዳሉ አነሳኋቸው።

ቁፋሮው ሰኞ ይጀመራል።

ሳይት የዋለ | ቅዳሜ ማታ

ጎሽ። ደብተሩ ወፍራም ሽፋን ያለው ይሁን፤ ስስ ከሆነ ሲሚንቶ ይበላዋል። እና ጉድጓዱን ቆፍራችሁ ክፍት አትተዉት፤ ፌሮውና ሲሚንቶው ግቢ ሳይገባ ዶማ አይነሳ። የጋሼን ኮባ አስቢ።

ጋሽ ተረት | እሁድ ጠዋት

ኮባዋ ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። እማማን የሚያሳየውን ፎቶ ግን አትሚላቸው።